ከጭሰኛው ጋር የሄደ ስም

ሽማግሌው ኦርቪል ብሬኬ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ወደ ኖርዌይ መጥቶ ራግንሂልድ ብሬኬ እርሻ ቤት ካረፈ ቀናት ሆነውታል። ነገ ይመለሳል። ኖርዌጅኛውን ከአያቱ አፍ ስለለቀመው፣ ሸለቆው ራሱ የረሳቸውን ቃላት ይናገራል።

"ይሄ ወንበር የቅድመ አያቴ የኤሊንግ ነበር፣ አይደል?" አለ፣ በገበታው ራስ ተቀምጦ የተቀረጸውን መደገፊያ እያሻሸ።

የፍየል አይብ ትቆርጥ የነበረችው ራግንሂልድ ቢላዋዋን ገታች። "የቆየ ወንበር ነው" አለች።

ወንድሟ አስላክ ሳቀ። "ብዙ አይደገፉት አባባ! እሱንም እንደ እርስዎ ጉልበቱን ያመዋል።"

"ዝም በል አንተ! የሥጋ ዘመድ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?" አለ ሽማግሌው ደስ ብሎት።

ራግንሂልድ ወደ ጓዳ ስትገባ አስላክ ተከተላት። "እንዳትነግሪው። በደስታው ይሂድበት።"

"አታልዬ ልሸኘው?"

"አንቺ መቼ ዋሸሽ?"

እውነት ነው፣ አልዋሸችም። 'ዘመድ ነን?' ብሎ ሲጽፍላት፣ 'ብሬኬ የተባለ ሁሉ የብሬኬ እርሻ ቤቱ ነው' ብላ መለሰች። በዚህ ሸለቆ ስም የመሬቱ እንጂ የደም አልነበረም። ባለርስትም ሆነ ጭሰኛ በሚኖርበት እርሻ ይጠራል፤ ሲለቅም የሚቀጥለውን እርሻ ስም ይይዛል። ጭሰኛው ኤሊንግ ግን ከብሬኬ ወጥቶ የሄደው ሌላ እርሻ ሳይሆን አሜሪካ ነበር፤ ስሙም እዚያው ጸናበት። ለምን እንደወጣም ታውቃለች። በአጨዳ ወራት ወገቡን ታሞ ቢተኛ፣ ባለርስቱ የእሷ ቅድመ አያት ድንቹን እንኳ ሳያስለቅም ከነልጆቹ አባረረው። አባቷ ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነበር፤ እሷም ልጅ ሆና አብራው ስቃለች።

ተመልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ሳታሳጥር ነገረችው።

ኦርቪል እጁን ከመደገፊያው አነሳ። "ታዲያ ያባረረውን ሰው ስም ለምን ተሸክሞ ዞረ?"

"የሰውየው አልነበረም፤ የቦታው ነው። ቅድመ አያትዎም የኖሩበት ቦታ ነው።"

"የኤሊንግ ጎጆ የት ነበር?"

"ከበረቱ በላይ። ዳገት ነው፣ አይችሉትም።"

"እሱ በታመመ ወገቡ ወርዶት የለ?" ብሎ ተነሳ።

ክንዱን ልትይዝ ብትል አልሰጣትም። እያረፈ፣ አጥሩን እየተደገፈ ወጣ። ከላይ ሲደርሱ ሣር ብቻ ነበር።

"የጎጆው ድንጋይስ?"

ራግንሂልድ ወደ ታች፣ ወደ ላሞቹ በረት አመለከተች። "አባቴ ነው ያወረደው። ለግድግዳ።"

ሽማግሌው በረቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ተቀመጪ አላላትም። እዚህ ቤቱ የእሱ ነበርና፣ እንደ እንግዳ ቆማ ጠበቀች።