መጣች፣ አልመጣችም

የመመረቂያ ጥናቱ ሥራ ቀላል እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ያሰበችውም ተማሪዋ ራሷ ናት። ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችውን ተጓዥ ወፍ የሚጠባበቁ ፈቃደኞች በየጠዋቱ በስልክ አንድ ቃል ብቻ ይልካሉ፤ ካዩ «መጣች»፣ ካላዩ «አልመጣችም»። ኮምፒውተሩ ቃሉን ተቀብሎ ካርታው ላይ ነጥብ ይጥላል። የወፏን ስም መጻፍ እንኳ ጊዜ ማባከን ነው ብላ አስቀርታዋለች። ጎበዝ ናት፣ አይካድም።

ችግሩ፣ አብዛኞቹ ፈቃደኞች ወፏን ባዩ ቀን በደስታ ይልኩና ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ይጠፋል። ባላየ ቀን «አላየሁም» ለማለት የሚደክም ማን አለ? ሳታስታጉል የምትልከው የተማሪዋ እናት ብቻ ነበረች። ያስመዘገበቻትም ልጇ ናት፣ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ» ብላ።

ወፏ ሌላው ቦታ ሁሉ ገብታ ስታበቃ፣ ከእናትየው ሰፈር ግን ያው «አልመጣችም» ነው። ከዚያ አካባቢ የሚልክ ሌላ ሰው የለም። አማካሪዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ካርታውን አዩና «ይኼማ ግኝት ነው! ወፎቹ ያንን ሰፈር እየሸሹት ነው» አሉ። ሰውዬው ሰው ከሚያመሰግኑ ጥርሳቸውን ቢነቀሉ ይመርጣሉ፤ ተማሪዋን ደስታ አላስቀምጣት አለ። ስለ ግኝቱ አንድ ምዕራፍ ጻፈች። ፈታኞች ፊት መቅረብ ብቻ ቀራት።

ለምዕራፉ ማሳመሪያ የሰፈሩ ፎቶ አስፈለጋትና እናቷን ጠየቀች። ፎቶው ደረሰ። የበረንዳው ጣሪያ ሥር የጭቃ ጎጆ፣ ውስጡ አፋቸውን የከፈቱ ጫጩቶች፣ ጠርዙ ላይ ያቺው ባለመቀስ ጭራ። ተማሪዋ ክው አለች። ደወለች።

«እማዬ፣ ወፏ እኮ አናትሽ ላይ ጎጆ ሠርታለች!»

«ከመጣች ቆይታለች። ኩሷ ነው ያስቸገረኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት አልመጣችም ብለሽ የላክሽው ምንድን ነው? ጉድ ሠራሽኝ እኮ!»

«ስለ ወፏ ማን አወራ?» አለች እናትየው፣ ምንም ሳይመስላት። «ስደውል አታነሺም። ያንን መልእክት ግን በየጠዋቱ አነባለሁ ብለሽኛል።»

ተማሪዋ አፈረች።

በማግስቱ አማካሪዋ ቢሮ ገብታ ግኝቱን ውሃ እንደበላው ተናገረች።

«ተመልካቿ ተሳስታ ነው?» አሉ።

«ኧረ እሷስ አልተሳሳተችም። የማንን መምጣት እንደምጠይቅ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ምዕራፉ ተሰረዘ፤ ምረቃዋም ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ተማሪዋ አውቶቡስ ተሳፍራ እናቷ ዘንድ ሄደች።

እናትየው በሩን ከፍታ አገላብጣ ሳመቻት። ሻንጣውን ከመቀበሏ በፊት ግን ስልኳን ፈለገች።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ! መረጃዬን ታበላሺብኛለሽ።»

«ዝም በይ፤ ስጠብቅ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለችና በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ «መጣች» ብላ ላከች።