የቀረችው አንዲት ድምፅ

የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ከተነቀለ ሦስተኛ ወሩ ነው። ተናጋሪዋ መውጣት ስትፈልግ መስታወቱን ሁለቴ ታንኳኳለች፤ ከማዶ የተቀመጠው የድምፅ ቴክኒሻን ተነስቶ ይከፍትላታል። ክፍሏ በቁመት አራት፣ በወርድ ሦስት እርምጃ ናት፤ ግድግዳዋ በግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል። እዚህ ተቀምጣ የባቡሮቹን መነሻና መድረሻ በሁለት ቋንቋ ስትናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ባለፈው ወር ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀዷት፤ ቁጥሮቹን፣ የከተሞቹን ስም፣ ይቅርታውንም ምስጋናውንም። ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ እየገጣጠመ ይናገራል። የቀረችው አንዲት ድምፅ ናት። በእንግሊዝኛው ከ«ትሬይን» እና ከ«ፕላትፎርም» በፊት የምትገባው «ዘ» ተቀድታለች። ያቺው ቃል ግን እንደ «ኤክስፕረስ» ካለ በአናባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል ፊት ስትቆም «ዚ» መባል አለባት፤ ይህን ማንም አላስታወሰም። ኮምፒውተሩ ሲሞከር «ዘ ኤክስፕረስ» ማለቱን ያስተዋለችው እሷው ነበረች። ልማድ ሆኖባት ስህተቱን በወረቀት ጽፋ ለኃላፊው ሰጠች። ኃላፊው አመሰገናት፤ ኮምፒውተሩን ሥራ ማስጀመሩን አቆየና «እንግዲህ ያቺ ድምፅ ስትቀዳ አንቺም ታርፊያለሽ» አላት። ማረፍ ማለት መሰናበት መሆኑ የገባት ደረጃውን ስትወርድ ነው።

በማግስቱ ጉንፋን ያዛት።

ለቀረጻ ስትጠራ ታስላለች። በቀጥታ የምትናገረውም ሊቀዳ ስለሚችል፣ ሆን ብላ «ዘ ኤክስፕረስ» ማለት ጀመረች። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ይሮጣል እንጂ ዞር ብሎ የሰማት የለም። እሷ ግን ስህተቶቿን ትቆጥራለች። ሃያ ሰባት ደርሰዋል፤ እያንዳንዳቸው እንደ ሩዝ ጠጠር ጥርሷ ላይ ቀርተዋል።

ዛሬ ጠዋት ቴክኒሻኑ በሩን በእግሩ ደግፎ ቆመ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ጉንፋን ቃል ይመርጣል እንዴ?»

«ሆድ ይፍጀው በል።»

«እኔስ ዝም ብያለሁ። ኃላፊው ግን ያቺ ድምፅ እስከ ማታ ካልተገኘች የሌላ ሴት ድምፅ አምጥቶ ሊቀጥልበት ነው። አንዲቷን ብቻ።»

«እኔ አፍ ውስጥ?»

«እርስዎ አፍ ውስጥ።»

በሩን ለቀቀው፤ ስፖንጁ ድምፁን ዋጠው።

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ብትናገር በገዛ አፏ መሰናበቷ ነው። ባትናገርም መሰናበቷ አይቀርም፤ በዚያ ላይ የማታውቃት ሴት በእሷ ሁለት ቃላት መካከል ገብታ በየቀኑ አራት ጊዜ ብቅ ስትል ትኖራለች። ይህችን ክፍል ስንት ጊዜ ረግማታለች። ከክፍሏ ውጭ ግን ድምፅዋን የሚፈልግ ሰው መኖሩን አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ የቀኑ የመጨረሻ ኤክስፕረስ ተራ ደረሰ። ቀና ስትል ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ማዶ ያያታል። ሁለት እጆቹን ከመቅጃው ቁልፍ አንስቶ፣ አልቀዳም በሚል ምልክት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት። ከዚያ ጭኖቹ ላይ አሳረፋቸው።

ቀዩ መብራት በራ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው።

ምላሷን በጥርሶቿ መካከል አስገባች፤ ከንፈሯን ወደ ጎን ሳበች።

«ዚ ኤክስፕረስ...»

ቀሪው ቃል ራሱ ተከትሎ ወጣ። በጣቢያው አዳራሽ ሰዎች ሻንጣቸውን አነሱ፤ አንዲት ሴት የልጅዋን ኮት ቆለፈች። ዞር ያለ አልነበረም። የተናጋሪዋ ጥርስ ግን ከሳምንት በኋላ ገና አሁን ጠራ።

መብራቱ ጠፋ። ቦርሳዋን አንግታ መስታወቱን ሁለቴ አንኳኳች።

ቴክኒሻኑ አልተነሳም፤ መቅጃው እንደጠፋ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጎንብሷል። «ዚ» እንደሚል ሰው ከንፈሩ ወደ ጎን ተስቦ ተመለሰ፤ እንደገና ተሳበ።

እጀታው የተነቀለበትን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እንደገና አንኳኳች።