የአሥራ ሁለት ቤት ውሃ

ደስታው አሰብ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ አዲሱ የሠራተኞች ፎቅ ውስጥ ብቻውን ከገባ ደግሞ ሃያ ቀኑ ነበር። ሥራው ላየው ያስቃል፤ አሥራ ሁለት ባዶ ቤት እየዞሩ ቧንቧ መክፈት፣ ውሃው መምጣቱን መመዝገብ፣ መዝጋት። በወሩ መጨረሻ «ውሃው ያስተማምናል» ብሎ ከፈረመ ቤተሰቦች ይገባሉ፤ የእሱም ሚስት ዓለምዘውድ፣ አራስ ቤት ትቷት የመጣትን ልጃቸውን አዝላ ከደሴ ትመጣለች። «አያስተማምንም» ካለ ግን ቧንቧው ተነቅሎ ሌላ በመርከብ እስኪመጣ ስድስት ወር ነው።

ወይ ብቸኝነት! ሰውየው ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር። «እንዴት አደራችሁ፣ ውሃ መጣላችሁ?» እያለ ባዶ ማድ ቤት ይጠይቃል። ከዚያ አፍሮ ዙሪያውን ያያል። የሚታዘበው ሰው ቢኖርማ ደስ ባለው ነበር።

ውሃው አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረውም። በሃያ አንደኛው ቀን የግቢው ዘበኛ ዓብዱልሰላም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያየው ቆየና፣ «ወላሂ፣ ምን ነካህ ደስታው? ሰው ሲገባ ተራ ይዞ ነው እንዴ የሚቀዳው? ለምሳ ጊዜ አሥራ ሁለቱም ሴቶች እኩል ይከፍታሉ!» አለው።

ደስታው ክው አለ። ብቻውን ሲበላ ከርሞ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ምሳ እንደሚሠራ ረስቶት ኖሯል። ከታች ጀምሮ ሁሉንም እየከፈተ፣ እያለከለከ ላይኛው ፎቅ ደረሰ። እዚያ ያሉት አራት ቧንቧዎች አየር ተፉ እንጂ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ለእሱ የተሰጠው ቤትም እዚያው ላይ ነበር።

ዓብዱልሰላም ተከትሎት ወጥቶ ደረቁን ቧንቧ አየ። «እኔም አልነገርኩህ፣ አንተም አልሰማህ። ፈርምና ልጅህን እቀፍ» አለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጽፎ ነበር። «ያስተማምናል» ብሎ ጽፎ ቁጭ አለ። በዚያ ሐሩር ልጅ ያዘለች ሴት ደረቅ ቧንቧ ስር ባልዲ ይዛ ስትቆም ታየችው፤ የእሱ ሚስት ብቻ ሳትሆን የጎረቤቶቹም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ወረቀቱን ቀደደና «አያስተማምንም» ብሎ በሌላ ፈረመ። ከዚያ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ምን ያድርግ!

በማግስቱ ወደብ ወረደ። ደብዳቤ የሚያመላልስለት የከባድ መኪና ሾፌር ጉግሳ ጭነቱን ጨርሶ ሊነሳ ነበር።

«ለዓለምዘውድ ስድስት ወር ታገሺ በላት። ውሃው አልሆነም» አለው።

«እሺ» አለ ጉግሳ። ሞተሩን አስነሳና መልሶ አጠፋው። «አልነግርህም ብዬ ነበር፤ ልጅቷ አፍ ፈታለች። ባለፈው ደብዳቤህን ሳደርስ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ይዛ ‹አባባ› አለችኝ። እናቷ ደንግጣ ጓዳ ገባች። እኔም ዝም አልኳት።»

ደስታው የመኪናውን በር ይዞ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ዝም አትበላት ወንድሜ» አለው። «ልጅ ተጣርታ ዝም አትባልም። እኔ ዘንድ እስክትመጣ ድረስ አንተ አቤት በላት።»