ካሸነፈው ጋር

«ቆይ፣ እንደገና አስረዳኝ» አሉ ጋሼ ሰረቀብርሃን፣ የመኪናውን ቀበቶ ከሆዳቸው ላይ እያላሉ። «ባለፈው ዓመት ከሁሉ የባሰ የተሸነፈው ቡድን ነው ዛሬ ቀድሞ የሚመርጠው?»

«አዎ ጋሼ። ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ ይወስዳሉ። ድራፍት ይሉታል።»

«እንግዲያው መሸነፍ ይሸለማል ማለት ነዋ።»

«ሌላው ይሸለምበታል። የኛዎቹ ሽልማቱንም ያባክኑታል።»

አምሐ ይህን ብሎ መሪውን በመዳፉ መታው። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደው መንገድ ሄይዋርድ ላይ ተዘግቶ፣ መኪናው እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል። ድራፍቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ቡድኑ ዘንድሮም ኳርተርባክ ሊመርጥ ነው እያለ በደስታ ያወራል። አምሐ አላስችል ብሎት ዘጋው።

በኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ማመላለስ ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ተራ እየጠበቀ የቆመባቸውን ሰዓታት ሁሉ ስፖርት ሬዲዮ ሲሰማ ስላሳለፋቸው፣ ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ከቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የተሻለ አውቃለሁ ብሎ ያምናል። የሥራ አስኪያጁን ሥራ ላየ ሰው ይህ ያን ያህል ትልቅ ጉራ አይደለም። ቡድኑ ኦክላንድን ጥሎ ወደ ሩቅ የበረሃ ከተማ ሲሄድ እንኳ አልተወውም። አንጀቱን ግን አሳርረውታል። በየሁለት ዓመቱ ሪቢልድ እናደርጋለን፣ እንደ አዲስ እንገነባለን ይላሉ፤ አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል። አዲስ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውንና ጨዋታውን የሚመራውን ልጅ፣ ይመርጣሉ። ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለትን ግዙፍ ሰዎች ግን አያመጡለትም። ልጁ ኳሱን ገና ከመጨበጡ ሦስት ሰው ይከመርበታል። በዓመቱ ልጁ አይረባም ይባላል፣ አሰልጣኙ ይባረራል፤ ሁለቱን የመረጠው ሰው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ንዴት ሃያ አንድ ዓመት አብሮት የተናደደ ሰው ነበረው። ዘርኡ ይባላል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ኤርትራዊ ነው። የተዋወቁት ዘርኡ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእሑድ ጨዋታ ለብቻ ታይቶ አያውቅም። ዘርኡ ጡረታ ወጥቶ ሳን ሆዜ ልጁ ሃርነት ቤት ሲገባም አምሐ በየእሑዱ ያን ሁሉ መንገድ እየነዳ ይሄድ ነበር። ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ሲገባ ግን ዘርኡ የጎረቤቱን ቡድን ቀይ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል። የገዛችለት ሃርነት ናት፤ ያ ቡድን የሚጫወተው ከቤታቸው አቅራቢያ ነው፤ በዚያ ላይ ያሸንፋል። ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል። አምሐም በእንግዶቹ ፊት «አንተ ድሮም ካሸነፈው ጋር ነህ» አለው። ዘርኡ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ አላነሳም።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። አምሐ ሶፋው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮሃል፤ የሚመልስለት የለም። ዘርኡ ይናፍቀዋል፤ መናፈቁ ደግሞ ይበልጥ ያናድደዋል። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው በኮፍያ ይኮርፋል? በመጨረሻ እነ ጋሼ ሰረቀብርሃንን ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ይመቸናል ብለው የቆረጡት ቀን ይህ ሐሙስ ሆነ፤ ድራፍት አለብኝ ብሎ ቀን ማስለወጥ ደግሞ ነውር ነው።

ሃርነት በሩን ከፈተችላቸው። «አንክል አምሐ፣ ካም ኢን። ባባ ቲቪውን ኦን አድርጊው ብሎኛል፤ ድምፁን ግን ሚዩት አድርጌዋለሁ» አለችው ቀስ ብላ። ለሱ ተብሎ የተከፈተ መሆኑን ሲረዳ ልቡ ትንሽ ለቀቅ አለ። ሁለተኛዋ ሽማግሌ፣ እዚያው አቅራቢያ ካምቤል ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዙሌይካ፣ ቀድመው ደርሰዋል። ዘርኡ ተነሥቶ ጋሼ ሰረቀብርሃንን ሳመ፤ አምሐን ግን በእጁ ብቻ ጨበጠው። ከስቷል።

ጋሼ ሰረቀብርሃን ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አስጠነቀቁና አምሐን እንዲጀምር ጋበዙት። አምሐ ነገሩን ከወደቡ ጀምሮ ሲያብሰለስለው ነበርና ወረደበት። ቡድን የሚወደደው ስለሚያሸንፍ እንዳልሆነ፣ ቡድኑን የገደሉት አለቆቹ እንጂ ደጋፊው ምንም እንዳላጠፋ፣ የመጣው አሰልጣኝ ሁሉ ያለፈውን አፍርሶ ከዜሮ እንደሚጀምር ተናገረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሎ መሄድ ደግሞ ክህደት ነው አለ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ወይዘሮ ዙሌይካ፣ አለማቋረጡን ረስተው። «ያ ኳስ የሚወረውረው ልጅ፣ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይኖሩ ነው የሚያስገቡት?»

«አዎን።»

«እናቱ ዝም ትላለች?»

«ሚሊዮን ዶላር ይከፍሉታል።»

«ቢከፍሉትስ» አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ በጥላቻ ተመለከቱ።

ጋሼ ሰረቀብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምሐ፣ ይህን ሁሉ የበደለህ ዘርኡ ነው?»

አምሐ ሰባት ወር ያዘጋጀው ክርክር በአንዲት ጥያቄ እጁ ላይ ቀረ።

ተራው የዘርኡ ሆነ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ እያየ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

«እኔ በኳስ አልተቀየምኩም። በኳስማ ስንት ዓመት ተሰዳድበናል። አሰልጣኙ መባረር የለበትም ስለው ደደብ ብሎኛል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ያን ዕለት ግን ድሮም ካሸነፈው ጋር ነህ አለኝ፤ በሰው ፊት፤ በልጄ ፊት። የትኛው ድሮ ነው? እኔ አዲስ አበባ ከተወለድኩበት ቤት አንድ ሻንጣ ይዤ ነው የወጣሁት። ጦርነቱ እንደ ጀመረ፣ በዘጠና ክረምት፣ ኤርትራዊ ነህ ብለው ባውቶቡስ ጫኑኝ። ያን ጊዜ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። የተሸነፍኩት እኔ መሆኔን ግን አውቃለሁ።» በአገጩ ወደ አምሐ ጠቆመ። «ሃያ አንድ ዓመት ከዚህ ሰውዬ ጋር ስቀመጥ ስለዚያ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እሺ፣ አይጠይቅ። ታዲያ ሳይጠይቅ እንዴት ፈረደ?»

አምሐ ያን ቃል ሲናገር ያሰበው ስለ ኮፍያው ነበር፤ እንዲህ ብሎ መማል ይችላል። ግን መሐላው ለምን ዛሬ እንደማያሳርፈው ገባው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ኳርተርባክና ስለ አሰልጣኝ ያወሩት ሌላውን ላለማውራት ነበር። ያን ወሬ የሸሸው ደግሞ ዘርኡ ሳይሆን እሱ ራሱ ነበር።

ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጎንበስ አለ። «አጥፍቻለሁ። በማላውቀው ተናግሬ አቁስዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ዘርኡ። ቃሉን የተናገረው ለሽማግሌዎቹ ክብር ሲል እንደ ነበር ከፊቱ ያስታውቃል። ጋሼ ሰረቀብርሃን ተመስገን አሉ፤ ወይዘሮ ዙሌይካም ተሳሳሙ አሉ። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ሃርነት ድምፁን ብትከፍት እንደማይከፋቸው ገምታ ሪሞቱን አነሣች። የቡድኑ ተራ ደርሶ ኖሮ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፤ አዳራሹ ውስጥ ጥቁርና ብርማ ማሊያ የለበሱ ደጋፊዎች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይጠብቃሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያበቃ ይችል ነበር። እሑዱ ይመለሳል፣ ቡድኑ ይሸነፋል፣ አብረው ይራገማሉ። አምሐ ይህን ሰባት ወር ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ አሁን በእጁ ገብቶለታል። ተቀምጦ ቢያይ ማንም አይወቅሰውም።

«ጋሼ፣ አላለቀም» አለ ቆሞ። «በማላውቀው ተናገርኩ ያልኩት ውሸት ነው።»

ዘርኡ ቀና አለ።

«በዚያ ክረምት እኔም አዲስ አበባ ነበርኩ። ወደዚህ በዲቪ የመጣሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጎረቤታችን ምሕረትኣብ ይባል ነበር። ሊወስዱት የመጡ ቀን እኔ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ፤ በመንገዱ የቆምን ብዙ ነን። ቤቱን ቆለፈና በቀጥታ ወደኔ መጣ። ቁልፉን እንድይዝለት እጁን ዘረጋልኝ።»

በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የወረቀት ካርድ ገለጠ። ዘርኡ ሪሞቱን ከሃርነት እጅ ወስዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም» አለ አምሐ። «ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ቁልፉን ይዞ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።»

ወይዘሮ ዙሌይካ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አምሐ ዘርኡ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ እስኪገባ፣ በሩም እስኪዘጋ ጠበቀ። ዘርኡ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ረጅም ጊዜ አሰበ፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ወንበር በወንበር የሚያስታውስ ይመስል ነበር።

«ምሕረትኣብ የሚባል እኛ አውቶቡስ ላይ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። አጠገቡ ያለውን ወንበር ለአምሐ ወደ ራሱ ሳበለት። «ስንት ሰዓት ላይ ነበር የወሰዱት?»