ያለ ቀለም የታተመው መስመር

ዶክተር ዋልቡርጋ ዚበንሃር ከእረፍት ተመልሳ ማይንዝ ወደሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ስትገባ፣ የጥንቷ የጸሎት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። እንደ አዲስ ነጥቷል፤ አንዲት እጥፋት እንኳ የለበትም።

«ለኤግዚቢሽኑ አላማረም?» አለ መጽሐፍ አዳሹ ጉንዶልፍ ደረቱን ነፍቶ።

«አጠብከው እንዴ?»

«አጥቤ ከክብደት ሥር አስተኛሁት። አምስት መቶ ዓመት ተጨማዶ ኖሮ አሁን እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ፣ ዶክተር።»

«ወይኔ! ገደልከኝ፣ ጉንዶልፍ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንት አታሚዎች የገጹ ጽሑፍ ሲያጥርባቸው፣ ማተሚያው ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል፣ ባዶው ቦታ ላይ ከሌላ ሥራቸው የተረፉ፣ ከእርሳስ ብረት የተቀረጹ ፊደላትን ቀለም ሳይቀቡ ይደረድሩ ነበር። ቀለም ባይኖረውም ፊደሉ ወረቀቱን ወግቶት ያልፋል፤ መብራት ከጎን ሲበራበት ይነበባል። ዋልቡርጋ እዚህ ገጽ ላይ «ታተመ በ» የሚል አግኝታ ቀሪውን ከእረፍት ስትመለስ ልታነብ ነበር። ስሙ ማተሚያ ቤቱ የማን እንደነበር ይመሰክራል። እሷ ኤልስቤት የምትባል መበለት ነው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ተሟግታለች፤ ሌሎቹ ደግሞ የመበለቲቱ ሟች ባል ወንድም የኮንራድ ነው ይሏታል። ወረቀት አዳሽ ሥራው ማለስለስ ነውና፣ ጉንዶልፍ የፊደሎቹን አሻራ፣ ምስክሯን፣ አብሮ አለሰለሰው።

«ሁለተኛ ሳልጠይቅዎ አልነካም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብላ በሩን ወርውራበት ወጣች።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣች። ከዚያ እትም የተረፈው ሌላ ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባምበርግ፣ ፕሮፌሰር ኦትማር ክሌብ ቤት። ክሌብ «የኮንራድ ነው» ከሚሉት ዋናው ተሟጋች ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ «ዶክተር ዚበንሃር ባዶ ገጽ ታነባለች» ብሎ አዳራሹን ካሳቀባት ወዲህ ደጁን ላትረግጥ ምላ ነበር። መሐላው ይቅር ብላ ባቡር ተሳፈረች።

ክሌብ ራሱ በሩን ከፈተ። ዓይኑ ጠፍቷል፤ የለያት በድምፅዋ ነው።

«ባዶ ገጽ አንባቢዋ! አሁንም አሉ?»

«እርስዎን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። «ይግቡ እስቲ። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው። እኔ ከእንግዲህ ፀሐይንም አላይ። ያነበቡትን ይንገሩኝ፤ አምንዎታለሁ።»

መጋረጃውን ጋርዳ የእጅ ባትሪዋን ከገጹ ጎን አጋደመች። ወረቀቱ ላይ ጥቃቅን ጥላዎች ብቅ አሉ። «ታተመ በኮንራድ እጅ።»

ባትሪውን ወደ ሌላው ጎን አዛውራ ደግማ አነበበች። ኮንራድ ነው። አመማት፤ የቅርብ ሰው እንደሞተባት አመማት።

የማይንዙ ገጽ አሻራ ጠፍቷል። ይህንን ያየ ከእሷ በቀር የለም፤ የቤቱ ባለቤትም ማየት አይችልም። «ኤልስቤት» ብትል ሽማግሌው እጁን ይሰጣል፤ የሳቁባትም ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እህ? ምን ይላል?» አለ ክሌብ።

«ኮንራድ ይላል።»

አልሳቀም። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ፣ «መዋሸት ይችሉ ነበር እኮ» አላት ቀስ ብሎ።

«እችል ነበር። አሁን ወረቀት ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ስህተቱን በስሜ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። እርማቱንም በስሜ የማሳትመው እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይቀድሙኝም!»