ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ

ቶሎሳ ከኦሃዮ እስከ አትላንታ በአውሮፕላን የመጣው ለታናሽ ወንድሙ አንዲት ነገር ሊነግረው ነበር። «ስምዖን፣ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል።» ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ ነገር የለውም። ዓርብ ማታ ግን አልነገረውም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አልነገረውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሚስቱ አበዛሽ በክርኗ ጎሸም ብታደርገው፣ «ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ» አላት። አመሻሽ ላይ ወደ ኦሃዮ ይመለሳሉ። እንግዲህ የቀረችው ያቺ ምሳ ብቻ ናት።

ስምንት ወሩ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ እየሄደ፣ ግራ ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቶለት፣ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ይህን የሚያውቁት እሱና አበዛሽ ናቸው፣ ከላይ ደግሞ እግዚአብሔር። ለዕድሩ ሰው «የሥራ ሰዓቱን ቀየሩበት» ተባለ። ለምን ከሳ ብሎ ለጠየቀ «ስፖርት ጀምሮ ነው» ተባለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው፤ በዚህ ተረት ሌላውን ሲመክር የኖረው ደግሞ ራሱ ቶሎሳ ነው። ምክር ለሌላው ሲሆን እንዴት ይቀላል!

አበዛሽ የራሷን ልትሰጠው ተመርምራ ነበር፤ አይስማማም አሏት። «ወንድም ወይም እህት የለውም? ብዙ ጊዜ የሚስማማው የእነሱ ነው» አለቻት ነርሷ። ወንድምማ አለው። የእናቱ ልጅ የሆነ፣ ጤናው የተሟላ፣ ለቶሎሳ ነፍሱን የማይሰስት ስምዖን አለ።

«አይሞከርም» አለ ቶሎሳ። «በእጄ አጉርሼ ያሳደግኩትን ልጅ፣ ገላህን ቁረስና ስጠኝ ልበለው? ገና ያላገባ፣ ገና ያልወለደ ልጅ!» ልጁ እንኳ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አበዛሽ ወር ሙሉ ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ፣ በስተመጨረሻ «እሺ፣ ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ» አሰኘችው። እሱ ግን በነጻ አልተሸነፈም። አስማላት። «ከእኔ አፍ ካልሆነ በቀር ካንቺ አፍ ትንፍሽ እንዳይል። ሚካኤልን በይ!» አላት፤ አለች። ምን ታድርግ? በዚያች ሰዓት እንኳን ሚካኤልን፣ መላእክቱን ሁሉ ጥሪ ቢላት ትጠራ ነበር። አሁን ግን መሐላው ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሯል።

ስምዖን ምንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው፣ ጋሼው ከስንት ዓመት ውትወታ በኋላ ለሁለት ቀን ሽርሽር መምጣቱን ነው። በዲቪ መጥቶ አትላንታ ዳር ሊቶኒያ ነው የሚኖረው። በመኪናው ሰው እያመላለሰ ስለሚተዳደር አትላንታ ውስጥ ምን የት እንደሚበላ አሳምሮ ያውቃል። «ሐበሻ ቤት አልወስድህም ጋሼ፤ እሱንማ ኦሃዮም ትበላዋለህ። የዚህን የደቡቡን አገር፣ የሳውዝን ምግብ ነው የማበላህ» ብሎ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ዛተ። ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ከግሪትስ ጋር አስቀረበላቸው፤ ግሪትስ ማለት ቅቤ የጠገበ የበቆሎ ገንፎ ነው። ማታ በጭስ የበሰለ የበሬ ጎድን መጣ። ቶሎሳ ሁሉንም ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ስምዖን ከፋው፤ «ነገ ግን አለቅህም» አለ።

አለመልቀቁን እሑድ በተግባር አሳየ። የወሰዳቸው ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሴቶቹ ባለ ላባ ባርኔጣ፣ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው የሚሰለፉበት ቤት ነው። ሰውን ሁሉ «ቤቢ» እያለች የምትጠራ ጠና ያለች አስተናጋጅ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ስምዖን ሜኑውን እንኳ ሳያይ ዘረዘረላት፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ ማካሮኒ በቺዝ፣ በስኳር የተነከረ ስኳር ድንች፣ ባሚያ፣ የበቆሎ ዳቦ። ለየብቻ እንዳታመጣው ነገራት፤ ሁሉም በአንድ ትሪ መሐል ላይ ይቀመጥ አለ። ሴትዮዋ ሳቀችና እሺ አለችው።

«አሳማ የለበትም እትዬ፣ አይዞሽ» አላት አበዛሽን። «ጎመኑን የሚሠሩት በተርኪ ሥጋ ነው፤ ቼክ አድርጌያለሁ።»

ደግ ልጅ! ጭንቋ የአሳማ መስሎታል። አበዛሽ ትሪው ላይ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ቤቷ ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የተከለከለ የሚል። ጎመኑ እዚያ ላይ አለ። ስኳር ድንቹ አለ። ቺዙ አለ። ዶሮው ጨው ነው፤ ቅመሙም ጨው ነው። በዚህ ላይ በረዶ የሞላበት ስኳር ሻይ በማሰሮ መሰል ብርጭቆ መጣ። ቶሎሳ በቀን የተፈቀደለት ፈሳሽ አራት ስኒ ነው፤ ሽንት ከተወው ቆይቷል፣ የጠጣው ሁሉ የሚቀመጠው እግሩና ሳንባው ላይ ነው። ብርጭቆው ጎደል ባለ ቁጥር ሴትዮዋ «ቤቢ» እያለች ትሞላዋለች።

«ዶክተሩ ጨው ቀንስ ብሎታል» አለች አበዛሽ እንደ ዋዛ። «ግፊት ነገር አለው።»

ቶሎሳ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ሚካኤልን እያስታወሳት ነበር።

«እዚህ አገር ፕሬሸር የሌለው ማን አለ?» ሳቀ ስምዖን። «አንድ ቀን ነው እትዬ፣ ሪላክስ በይ!» ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ምን ሆነህ ነው እጅጌህን እስከ አንጓህ የቆለፍከው? ና ልሰብስብልህ» ብሎ የግራ እጁን ያዘው።

ከዚያ እጅጌ ሥር ለመርፌው ሲባል የተሠራው ደም ሥር ገመድ አክሎ፣ አብጦ፣ በጠባሳ ተዥጎርጉሮ ተጋድሟል። ይየው! አንድ ቁልፍ ብቻ ይፍታ! አይቶ ከጠየቀ እኔ አልተናገርኩም፣ መሐላዬም አልፈረሰም፣ አለች አበዛሽ በልቧ። ስምዖን የመጀመሪያዋን ቁልፍ ፈታ። ቶሎሳ እጁን መነጨቀና «ተው! በኤሲው በርዶኛል» አለ። ቁልፉን መልሶ ቆለፈ። አበዛሽ አንድ ቁራጭ ዳቦ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ስምዖን ነገሩን ለማለዘብ ቦርሳውን አወጣ። «ይልቅ ይህን እይልኝ። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዴን ሪኒው ሳደርግ ያረጉልኝን።» ካርዱ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የልብ ሥዕል አለች። «ልጅቷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ስትሞት ሰውነትህን ለታመመ ሰው ትሰጣለህ ወይ?› ጉበት፣ ዓይን፣ ኩላሊት በለው። የስ አልኳት። ምን ላረገው ነው ጋሼ? አፈር ከሚበላው ሰው ይዳንበት። የማላውቀው ሰውም ቢሆን።»

አበዛሽ ከጠረጴዛው ሥር የባሏን እግር ረገጠች። በተረከዟ፣ ባላት ኃይል ረገጠችው። አምላክ ራሱ በሩን ከፍቶ ግቡ ብሏቸው የለም እንዴ? ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል? ቶሎሳ ካርዱን በጣቱ ይዞ ያቺን ልብ ያያል።

ስምዖን ይህን በሌላ ተረጎመው። «ይቅርታ ጋሼ» አለ፤ «በሰንበት ምድር የሞት ወሬ አመጣሁብህ። ልካስህ።» የበቆሎ ዳቦውን ቆረሰ፣ ጎመኑን ጠቀለለበት፣ ከዶሮው ፍርምባ ጨመረበት። ጉርሻው እንደ ሕፃን ቡጢ አከለ። በቀኝ እጁ ይዞ፣ ግራውን ከሥሩ አስደግፎ ተነሣ። «እማዬ የሞተች ሰሞን እህል አልቀምስ ስል ትዝ ይልሃል? ስድስት ዓመቴ ነበር። በሞቴ፣ በሞቴ እያልክ አንድ በአንድ ያጎረስከኝ አንተ ነህ። ያኔ ባታጎርሰኝ እኔ ዛሬ አልኖርም። በሞቴ ጋሼ፣ ተቀበለኝ።»

የቶሎሳ ዓይን እንባ ሞላ። አበዛሽ ባሏን ሃያ ሁለት ዓመት ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም። ተሸንፏል። ሊናገር ነው። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ስምዖን፣ እኔ...» ብሎ አፉን ከፈተ።

ስምዖን አጎረሰው።

ሰው አፉን ከፍቶለት ያላጎረሰ ማን አለ? ጎመኑና ዶሮው የቶሎሳን አፍ ጢም አድርጎ ሞላው። ጉንጩ ተወጠረ፤ እንባው ባፍንጫው ጎን ወረደ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለ ስምዖን፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለ። ጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጡ ባለ ባርኔጣ አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ይኼ ነው ፍቅር ማለት» አሉ በእንግሊዝኛቸው። እውነታቸውን ነው። አበዛሽን ያቃጠላት ይኸው ነው። ስምዖን ክፉ ቢሆን ትጮህበት ነበር፤ ባሏ ወንድሙን ቢጠላ ባሏን ትንቅ ነበር። የሚጎዳውን በእጁ እያጎረሰው ያለው፣ ቢጠየቅ የሚያድነውንም በዚያው እጁ የሚሰጥ ሰው ነው። እሷ መሐል ተቀምጣ ታያለች፤ ከማየት በቀር አንዳች ነገር ማድረግ አትችልም።

ቶሎሳ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሁለተኛውንም ተቀበለ፣ ዋጠ። ከሻዩ ተጎነጨ።

«ምን ልትለኝ ነበር ጋሼ?» አለ ስምዖን ጣቱን እየጠረገ።

ቶሎሳ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይጣፍጣል ልልህ ነበር» አለ።

ስምዖን ደስ ብሎት አስተናጋጇን ጠራና የኮክ ኮብለር፣ ያንን በስኳር የሚጋገር ጣፋጭ አዘዘ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መኪና ማቆም አይፈቀድም፤ ፖሊሱ ሰው ቆሞ በተሰናበተ ቁጥር ፊሽካ ይነፋል። ስምዖን ወንድሙን አቀፈና «ኧረ ከስተህብኛል!» አለ። ከወንበሩ ላይ ትልቅ የምግብ ሳጥን አነሣና ለአበዛሽ ሰጣት። «ጎመኑ ነው፣ ዶሮም አለበት። ለነገ ቁርስ አሙቂለት፤ አደራ እትዬ።» ነገ ጎህ ሳይቀድ ቶሎሳ ማሽኑ ሥር ይተኛል፤ የዛሬውን ጎመን፣ የዛሬውን ሻይ አራት ሰዓት ሙሉ ከደሙ ሊያወጡለት ይታገላሉ። «እሺ ስምዖንዬ» አለችው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ብትጨምር ሁሉንም እንደምትዘረግፈው ስላወቀች ፊቷን አዞረች።

መሳፈሪያው ጋ ቁጭ አሉ። ቶሎሳ ጫማውን ፈታ፤ የካልሲው አፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጥልቁ ታትሞበታል። ትንፋሹ አጠር አጠር ይላል። አበዛሽ ልትቆጣው አስባ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። «አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«አጎረሰኝ።»

ፊት ለፊታቸው የቆሻሻ መጣያ አለ። አበዛሽ ሳጥኑን ልትጥለው ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። እህል ነው፤ እሱም የስምዖን እጅ የነካው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ የቶሎሳ ስልክ ጮኸ። ስምዖን ነው። ቶሎሳ ጆሮው ላይ ከማድረግ ይልቅ ስልኩን ድምፅ ከፍቶ በሁለቱ መሐል ያዘው።

«ጋሼ፣ ገባችሁ? ስትሄድ ፊትህ አላምር ብሎኝ ነው የደወልኩት። ስማኝማ፣ የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ። ምንም ይሁን ምን። ከእኔ አትደብቅ፣ እሺ?»

አበዛሽ የባሏን አፍ አየች። አሁን ባዶ ነው። የሚያጎርሰውም የለም።

«ምንም አያስፈልገኝም ወንድሜ» አለ ቶሎሳ። «ሁሉ ሙሉ ነው። እጅህ ይባረክ።»

ስልኩ ተዘጋ። አበዛሽ የሚካኤልን ስም በሹክሹክታ ጠራች፤ ማረኝ ልትለው ይሁን ፍታኝ ልትለው ራሷም አላወቀችም። ሳጥኑ ጭኗ ላይ ገና ትኩስ ነበር።