ትንሿ ጣት ስትቃና

ሴት ልጄ ሥራዋ ሥዕል ማንቀሳቀስ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ካርቱን ትሠራለች» ማለት ስለሚያሳፍረኝ «ቢሮ ነው የምትሠራው» እል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት አይጥና ድመት እንድታሯሩጥ ነው? ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። እኔ ሰው በጀርባው አላማም።

ያን ሰሞን ለትምህርት ቤቶች የሚሆን አጭር ፊልም ይዛ ቤት መግባት ተወች። የሙዚቃ መሣሪያ ከምን ተነስቶ ምን እንደደረሰ ለሕፃናት የሚያስረዳ ነው አሉ። ምሳዋን በምሳ ዕቃ፣ ቁጣዬን በአፌ ይዤ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል። እሷ የሚያበራ ሰሌዳ ላይ በብዕር ትጭራለች። አጠገቧ አንድ ባለመነጽር ቆሟል፤ የሙዚቃ መምህር ነው፣ ፊልሙን የሚያሠሩት ሰዎች ስህተት እንዲለቅም የላኩት።

«መጣሽ እማዬ? ቁጭ በይና እይልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? ዓይኔም ደክሟል፣ ትዕግሥቴም» አልኳት፤ ግን ተቀመጥኩ።

ሰሌዳው ላይ አንድ እጅ አጥንት አነሳ። በስለት በሳው፣ ተነፋ፣ ጮኸ። እጁ ቆዳ ወጥሮ መታ፤ ከዚያ ጅማት ወጥሮ ገረፍ አደረገ። ዘመን ሲያልፍ የሚለወጠው እጅጌው ብቻ ነው፤ ቆዳው ጨርቅ፣ ጨርቁ ባለቁልፍ ሸሚዝ ይሆናል። እጁ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ጊታር ያዘ። ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋ ቀረች፣ የቀለበት ጣት በእሷ ፋንታ ተንጠራርታ ክሩን ረገጠች።

የወንድ ልጄ እጅ ነው።

ታላቅ ወንድሟን ከቀበርነው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሳንባው ነው የከዳው። ያቺ ጣት ልጅ ሳለ በር ተዘግቶባት ጠማማ ሆና ቀረች። ከሞተ ወዲህ በቤታችን ወሬው አይነሳም፤ እሷ ስታነሳ እኔ እቆጣለሁ፣ እኔ ሳነሳ እሷ ወጥታ ትሄዳለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሲጫወት በስልክ የቀረጽኩት አለ። እያቆምኩ በላዩ ላይ ሣልኩት።» ፊቷን አላዞረችም። «ላሳይሽ?»

«አላይም! ሳል ሲያፍነው ይሰማል።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ ሥራው ድንቅ ነው። ይቺ ጣት ብቻ ትቃና ነው የምለው። ሕፃን ያየውን ነው የሚይዘው፤ እንዲህ አድርጎ ከለመደ እጁ ይጎዳበታል።»

«መጀመሪያ አንተ ተቃና! ከገባሁ ጀምሮ እንደተሰበረ ጃንጥላ ዘንበል ብለህ ነው የቆምከው።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ? የሞተ ሰው ጣት ሲታረም የት አይተሻል?»

ለካ አልነገረችውም። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። አላወቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ።» ትንሽ ቆየና፣ «እናንተው ወስኑ። እንዳለች ትሂድ ካላችሁ እኔ አላየሁም» ብሎ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። አሁንም ድገሚው አልኳት። ልጄ ጎበዝ ናት፣ አፌን ሞልቼ እላለሁ። አንድ ነገር አልቀረባትም። የቀለበት ጣት ስትንጠራራ መዳፉ ስር የምትንቀጠቀጠውን ሥጋ እንኳ ይዛታለች።

«ያመው ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«እጁን ነዋ። ተጫውቶ ሲጨርስ እየሳቀ ይነሳል፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ‹ካወቀች ተጫወትልኝ ማለቷን ትተዋለች› ይላል።»

ብዕሩን አስቀመጠችው።

«በየቀኑ እኮ ነበር ተጫወትልኝ የምለው፣ እማዬ። እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

«ይወድሽ ነበራ፣ አንቺ ሞኝ!» ድምፄ እንዳሰብኩት አልወጣም። «አቅኚያት።»

«ካቃናኋት እኮ እሱ አይሆንም።»

«አውቃለሁ። አቅኚያት። ሕፃን ሁሉ ተጫወት ባለው ቁጥር እዚያ ፊልሙ ውስጥም ይመመው?»

ጀመረች። አንዷን ሥዕል ትከፍታለች፣ ጠማማዋን ጣት ታጠፋለች፣ ቀጥ አድርጋ ትሥላለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ስትጠፋ ባየሁ ቁጥር እንደገና የቀበርነው ይመስለኛል። እሷ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ትሥላለች። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ ትከሻዋን ያዝኩ። ከለቅሶው ወዲህ አንድ ላይ አልቅሰን አናውቅም ነበር።

ስትጨርስ አስኬደችው። ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ወርዳ በራሷ ክሩን ረገጠች። የቀለበት ጣት አርፋለች። መዳፉም አይንቀጠቀጥም። ያማረ እጅ ነው፤ የማንም ሰው እጅ።

«ጥሩ ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

«ድገሚው» ግን አላልኳትም።